ቤት ተዘግቶ ሲዋል፦ በወረርሽኝ ጊዜ ቀኑንም ዜናውንም በልክ ለመያዝ

የእንቅስቃሴ ገደብ በታወጀ የመጀመሪያው ሳምንት እረፍት ይመስላል። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞን ከሐሙስ መለየት ያቅታል። በሦስተኛው ደግሞ መኝታ ወደ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይገፋል፣ ቁርስ በምሳ ሰዓት ይበላል፣ ስልክ ከእጅ አይወርድም። ማታ ላይ "ዛሬ ምን ሠራሁ?" ተብሎ ሲታሰብ መልሱ የሟቾችን ቁጥር አምስት ጊዜ ማየት ብቻ ይሆናል።

ብዙ ሰው በዜናው ያሳብባል። ዜናው ከባድ መሆኑ እውነት ነው፤ ይህን ያህል ሰዓት የወሰደው ግን ቀኑን ባዶ ሆኖ ስላገኘው ነው። ከገደቡ በፊት ቀናችንን የሚከፋፍሉልን ነገሮች ነበሩ፦ የሥራ መግቢያ ሰዓት፣ የትምህርት ቤት ደወል፣ የመንገዱ ርዝመት። እነዚህ በአንድ ጊዜ ሲነሱ ክፍቱን ቦታ ሁሉ ስልኩ ይሞላዋል። ስለዚህ ነገሩ ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ ቀኑ ይቸከላል፣ ከዚያ ለዜናው ሰዓት ይሰጠዋል። "ከዛሬ ጀምሮ ዜና የሚባል አላይም" ብሎ የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሳምንት ሳይሞላው ይመለሳል፤ ዜናው የለቀቀውን ሰዓት የሚይዝ ሌላ ነገር አላዘጋጀማ።

አራት ችካል

በየሰዓቱ የተከፋፈለ ፕሮግራም አያውጡ። በመጀመሪያው ቀን ሞቅታ የሚወጣ "1 ሰዓት ስፖርት፣ 2 ሰዓት ንባብ፣ 3 ሰዓት ቋንቋ" የሚል ሰንጠረዥ ሲሮጡ የታጠቁት ነው፤ አንዱ ሰዓት ካመለጠ ሙሉው ይፈታል። የማይነቃነቁ አራት ነጥቦች ይበቃሉ። በመካከላቸው ያለው እንደ ቀኑ ይሁን።

የመጀመሪያው መነሻ ሰዓት ነው። እንቅልፍን በትእዛዝ ማምጣት አይቻልም፣ መነሳትን ግን ይቻላል። አንድ ሰዓት ይምረጡና ቅዳሜና እሁድን ጨምሮ በዚያው ይነሱ፤ ልዩነቱ ቢበዛ ከአንድ ሰዓት አይለፍ። ማንቂያውን ከአልጋው ርቆ፣ ቆመው ካልሄዱ በማይደረስበት ቦታ ያስቀምጡት። ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ ካሳለፉም በዚያው ሰዓት ይነሱ፤ ያልተተኛው እንቅልፍ ተጠራቅሞ በሚቀጥለው ሌሊት ቶሎ ይጥላል። ቀን ላይ ማሸለብ ካስፈለገ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ያውም ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት።

ሁለተኛው ብርሃን ነው፤ ብዙ ሰው የሚንቀውም ይህንኑ ነው። የሰውነት ውስጣዊ ሰዓት የሚስተካከለው በጠዋት ብርሃን ሲሆን የቤት መብራት ለዚህ ሥራ ደካማ ነው። መብራት የበራበት ሳሎን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት መቶ ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ሲሆን፣ ደመናማ ቀን እንኳን ደጅ በሺህዎች ይቆጠራል። ከተነሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ግቢ ወይም በረንዳ ላይ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይቆዩ። ደጅ መውጣት ካልተፈቀደ ወንበሩን መስኮቱ ሥር ያስጠጉ፤ ከመስኮቱ ጥቂት እርምጃ በራቁ ቁጥር ብርሃኑ በጣም ይቀንሳል። ከዚያ በፊት የሌሊት ልብስ መቀየርን አይርሱ። በሌሊት ልብስ የተጀመረ ቀን በሌሊት ልብስ ያልቃል።

ሦስተኛው፣ ከምሳ በፊት የሚያልቅ አንድ ሥራ። እዚህ ላይ ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ሥራው ማብቂያ የለውም። "ቤቱን ማስተካከል" ሥራ ሳይሆን ምኞት ነው። "የላይኛውን መሳቢያ ማጽዳት" ሥራ ነው፤ መሳቢያው ወጥቶ ወለል ላይ ይገለበጣል፣ የደረቀው እስክሪብቶ፣ የማንም ያልሆነው ቁልፍና ያለቀው ባትሪ ይለያሉ፣ የቀረው ይመለሳል፣ መሳቢያው ይዘጋል። ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል፣ ሲያልቅም ያለቀ መሆኑ በዓይን ይታያል። ከመጀመርዎ በፊት ስሜትዎን ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይስጡት፣ ሲጨርሱም እንደገና ይስጡት። "ስሜቴ ሲስተካከል እሠራለሁ" የሚለው አካሄድ በድባቴ ጊዜ አይሠራም፤ አብዛኛውን ጊዜ ስሜቱ የሚከተለው ሥራውን ነው። መጀመር ካቃተ ሥራውን በግማሽ ይቁረጡት፣ አሁንም ካቃተ እንደገና በግማሽ። ሙሉው መሳቢያ ከከበደ ባትሪዎቹን ብቻ መልቀም።

አራተኛው የማታ መዝጊያ ነው። ከመኝታ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ የሥራ ኮምፒውተርና ወረቀት ከዓይን ይሰወር፣ ስልኩም ከመኝታ ክፍል ውጭ ቻርጅ ይደረግ። ስልኩን እንደ ማንቂያ የሚጠቀሙበት ከሆነ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ይተኩለት፤ "ማንቂያ ነው" የሚለው ሰበብ ስልኩን ወደ አልጋ ከሚያስገቡት ዋነኛው ነው።

ዜናውን በሰዓቱ

የዓለም ጤና ድርጅት በኮቪድ ጊዜ የሰጠው ምክር ዜናን በተወሰነ ሰዓት፣ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ መከታተል የሚል ነበር። አፈጻጸሙ ግን ዝርዝር ይፈልጋል። ሁለት ሰዓት ይምረጡ፤ ለምሳሌ ከረፋዱ 5 እና ከቀኑ 11። እያንዳንዱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይሁን። ከተነሱ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሰዓትና ከመኝታ በፊት ያሉት ሁለት ሰዓታት ነጻ ይሁኑ። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል፦

1. ከጥሪና ከቤተሰብ መልእክት በስተቀር የሁሉንም አፕ ኖቲፊኬሽን ያጥፉ። የዜና አፕ፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ሁሉም።
2. ብዙ ወሬ የሚፈስባቸውን የቴሌግራምና የዋትሳፕ ግሩፖች ድምፃቸውን ይዝጉ። መውጣት አያስፈልግም፤ መውጣት ቅያሜ ያመጣል፣ ድምፅ መዝጋትን ግን ማንም አያይም።
3. ሁለት ምንጭ ይምረጡ። አንዱ ደንቡን የሚያወጣው የጤና መሥሪያ ቤት፣ ሌላው ስህተቱን በይፋ የሚያርም የዜና ተቋም።
4. የተጻፈውን ያንብቡ፣ የቀጥታ ሥርጭቱን ይተዉ። የተጻፈ መግለጫ መጨረሻ አለው፤ የቀጥታ ሥርጭት ያንኑ አንድ ነገር በየግማሽ ሰዓቱ ያድሰዋል፣ በጣት የሚገፋው ገጽ ደግሞ ማለቂያ እንዳይኖረው ታስቦ የተሠራ ነው።
5. ሲጨርሱ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ይጻፉ፦ "ከዚህ ውስጥ እኔ የማደርገው ምን ተቀየረ?" ምንም ካልተቀየረ "የለም" ብለው ይጻፉ።

አምስተኛውን አይዝለሉ። ወረቀቱን ከሳምንት በኋላ ሲያዩት አብዛኛው መስመር "የለም" የሚል ከሆነ፣ በቀን አሥር ጊዜ መፈተሽ ምን እንዳተረፈ መልሱ በራስዎ እጅ ተጽፎልዎታል። ተቃራኒውም ዋጋ አለው፤ "የሰዓት እላፊው ተቀየረ"፣ "ማስክ ግዴታ ሆነ" የሚል መስመር ካለ ዜናውን ጨርሶ አለመተው ለምን እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

የሚበላሸው የት ነው? አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ሰው በኩል ነው። ቤት ውስጥ አንድ ሰው ቴሌቪዥኑን ቀኑን ሙሉ ዜና ላይ ከተወው የእርስዎ ሰዓት ዋጋ የለውም። "አጥፉት" ከማለት ይልቅ በእነዚያው ሁለት ሰዓታት አብሮ ማየትን፣ በቀረው ጊዜ በጆሮ ማዳመጫ መስማትን ይስማሙ።

ቁጥሩን ማንበብ

ተስፋ የሚያስቆርጠው ዜና አብዛኛው በቁጥር የሚመጣ ነው፣ የዕለት ቁጥር ደግሞ በባሕርይው ይዋዥቃል። በሳምንቱ መጨረሻ ላቦራቶሪውም መዝጋቢውም ይቀንሳል፤ ያልተመዘገበው ሰኞና ማክሰኞ ተጠራቅሞ ይወጣል።

በምሳሌ እንየው። ከሰኞ እስከ እሁድ የተመዘገበው 210፣ 240፣ 190፣ 260፣ 230፣ 90፣ 80 ነው እንበል። ድምሩ 1,300፣ ለ7 ሲካፈል 186 ገደማ። በማግስቱ ሰኞ 300 ተመዘገበ። ርዕሱ "በአንድ ቀን ከ80 ወደ 300 አሻቀበ" ይላል፣ አይዋሽም። አሁን የመጀመሪያውን 210 አውጥተው 300ን ያስገቡ፤ ድምሩ 1,390፣ አማካዩ 199 ገደማ። ጭማሪ አለ፣ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ሳይሆን ሰባት በመቶ አካባቢ ነው። ደንቡ እንግዲህ የሰባት ቀን አማካይን መያዝ፣ ካልሆነም ሰኞን ካለፈው ሰኞ ጋር ማነጻጸር ነው። እሁድን ከሰኞ ጋር ማነጻጸር ከንቱ ድካም ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ መዘግየት ነው። ኮቪድ ሲጀምር ከመያዝ እስከ ምልክት ድረስ በአማካይ ከ5 እስከ 6 ቀን፣ ሲረዝም እስከ 14 ቀን ይወስድ ነበር። የምርመራና የምዝገባ ቀን ሲጨመር ዛሬ የሚነበበው ቁጥር የሚናገረው ካለፈው ሳምንት ወይም ከዚያ በፊት ስለነበረው ነው። የሞት ቁጥር ከዚህም በሳምንታት ይዘገያል። ስለዚህ ገደቡ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት "ቤት ተቀመጥን፣ ምንም አልለወጠም" የሚል ስሜት መምጣቱ አይቀርም፤ ከዚያም በኋላ ተያዡ እየቀነሰ ሟቹ የሚጨምርበት ጊዜ አለ። ይህን አስቀድሞ የማያውቅ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ልክ ገደቡ መሥራት በጀመረበት ሳምንት ነው።

የተመረመረውን ሰው ብዛትም ይጠይቁ። ከ1,000 ምርመራ 100 ቢገኝ አሥር በመቶ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከ3,000 ምርመራ 180 ቢገኝ ስድስት በመቶ ነው። ቁጥሩ በእጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም፣ ድርሻው ግን ወርዷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በግንቦት 2020 ሥርጭቱ በቁጥጥር ሥር መሆኑን ከሚያመለክቱ መስፈርቶች አንዱ አድርጎ ያስቀመጠው ይህ ድርሻ ለሁለት ሳምንት ከአምስት በመቶ በታች መቆየቱን ነበር።

ሌሎቹን በአጭሩ። "ከወረርሽኙ መጀመሪያ አንስቶ በድምሩ" የሚል ግራፍ መውረድ ስለማይችል ሁልጊዜ ያስፈራል፤ ይለፉት። "በእጥፍ ጨመረ" ሲባል ከስንት ተነሥቶ ብለው ይጠይቁ፤ ከ100,000 ሰው ከ1 ወደ 2 መሆንም እጥፍ ነው። ሟቹን በተመዘገበው ተያዥ ማካፈልም በበሽታው የመሞት ዕድልን አይነግርም፤ ቀለል አድርጎ ታሞ ሳይመረመር የዳነው በስሌቱ ውስጥ የለም።

ይህ ሁሉ ግን መጽናኛ ብቻ አይደለም። የሰባት ቀኑ አማካይ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ከወጣ፣ ከተመረመረው የሚገኘውም ድርሻ አብሮ ከወጣ ዜናው እውነትም መጥፎ ነው። ያኔ የሚደረገው ዜናውን ደጋግሞ ማየት ሳይሆን መውጫን መቀነስ፣ የሚገዛውን በአንድ ጊዜ መጨረስ፣ በቋሚነት የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ቢያንስ የሁለት ሳምንት ትርፍ መያዝ ነው።

በግሩፕ የሚመጣው

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በየካቲት 2020 ከበሽታው ጎን ለጎን "የመረጃ ወረርሽኝ" እንዳለ ተናግሮ ነበር። ዋትሳፕም በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ብዙ ጊዜ የተላለፈ መልእክት በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ቻት ብቻ እንዲላክ ገደበ። የሐሰት መልእክት መልኩ ብዙም አይለያይም፦ ቀን የለውም፣ የሆስፒታሉ ስም የለም፣ ምንጩ "አንድ ዶክተር ዘመዳችን" ነው፣ መጨረሻው "ለምትወዱት ሁሉ አድርሱ" ነው። ከሦስቱ፣ ማለትም ከማን፣ መቼና የት፣ አንዱ ከጎደለ አያስተላልፉ። ፎቶ ከሆነ በምስል ፍለጋ ያስገቡት፤ ብዙው የዓመታት ዕድሜ ያለው የሌላ አገር አደጋ ሆኖ ይገኛል። "ይህን ጠጥተህ ተፈወስ" የሚለው ደግሞ ከወሬም አልፎ ይገድላል፤ አልኮል ይፈውሳል ተብሎ ሜታኖል የተባለውን መርዛማ አልኮል የጠጡ ሰዎች እ.ኤ.አ በ2020 ሞተዋል።

የላከው ታላቅ ዘመድ ከሆነ በግሩፑ ፊት አያርሙ። ለብቻ፣ አጭር፣ ያለ ሽሙጥ ይጻፉ፦ "እማዬ፣ ያ የላክሽው ድምፅ የቆየ ነው፣ የሚያወራውም ስለ ሌላ በሽታ ነው። ትክክለኛውን ልኬልሻለሁ፣ ለእነሱም አሳልፊላቸው።" የመጨረሻዋ ሐረግ አለምክንያት አልገባችም፤ የማረሙን ክብር ለእሷ ትሰጣለች።

ጭንቀቱን ማዘግየት

"አታስብ" የተባለ ሐሳብ ይበረታል። "በኋላ" የተባለ ግን ብዙውን ጊዜ ይጠብቃል። በቀን 15 ደቂቃ የጭንቀት ሰዓት ይመድቡ፤ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ወንበር ላይ፣ አልጋ ላይ ግን በፍጹም። ወረቀቱን ለሁለት ይክፈሉት፤ በአንዱ በኩል "ነገ ላደርገው የምችለው"፣ በሌላው "ከእጄ ውጭ"። ከሰዓቱ ውጭ ጭንቀት ሲመጣ አንድ ቃል ብቻ ("ኪራይ"፣ "የእናቴ ሳል") መዝግበው ወደ ያዙት ሥራ ይመለሱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይሠራም ይመስላል። አንድ ሁለት ሳምንት ይስጡት።

ልብ ሲመታ ደግሞ ትንፋሽ አለ። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት፤ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል፣ ለ5 ደቂቃ። ማዞር ከጀመረ በጣም በጥልቀት እየሳቡ ነው፤ ፍጥነቱን ሳይሆን መጠኑን ይቀንሱ።

እንቅልፍ እምቢ ሲል 20 ደቂቃ ያህል ካለፈ ከአልጋ ይውረዱ፣ ደብዘዝ ባለ ብርሃን አሰልቺ ነገር ያንብቡ፣ ሲያንቀላፋ ይመለሱ። ሰዓቱን ግን አይመልከቱ። ቡናና ሻይ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ይቅር፤ ከጠጡት ካፌይን ግማሽ ያህሉ አምስት ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላም በሰውነት ውስጥ አለ።

እንቅስቃሴን በተመለከተ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ፣ ለልጆች በቀን 60 ደቂቃ። ደረጃ መውጣት፣ በቦታ መራመድ፣ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሣትና መቀመጥ ይቆጠራል።

አብሮ መዘጋት

አንድ ቤት ውስጥ ሲዋል ጠቡ የሚነሣው በትልቅ ነገር አይደለም፤ በድምፅ፣ በዕቃ ማጠቢያው ክምር፣ ማን ወጥቶ ማን ሊቀር ነው በሚለው ነው። በሳምንት አንድ ቀን 20 ደቂቃ ተቀምጣችሁ አንድ ጉዳይ ብቻ ያንሱ። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቦታ ይኑረው፤ ክፍል ከሌለ ወንበር፣ ወንበርም ከሌለ ምልክት፤ ጆሮ ማዳመጫ ያደረገ ሰው አይረበሽም። ልጆች ለጠየቁት ብቻ፣ በአጭሩና በእውነት ይመልሱላቸው። አልጋ ላይ መሽናትና ልብስ ይዞ አለመልቀቅ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሊመለስ ይችላል፤ አይቅጧቸው። ብቻውን የሚኖር ሰው በቀን ሁለት የታወቀ ሰዓት ላይ በድምፅ ይደውል። ጽሑፍ አይተካውም።

ቤቱ ራሱ አደጋ የሆነበት ሰውም አለ። መታወቂያ፣ ትርፍ ቁልፍና ጥቂት ገንዘብ በአንድ ቦርሳ ይቀመጥ፣ ስልክ ሁልጊዜ ቻርጅ ይኑረው፣ ከጎረቤት ጋር አንድ ምልክት ቃል ይያዝ፤ ቃሉ ሲሰማ ጎረቤቱ ለፖሊስ ይደውላል።

ስለ ጽዳት አንድ ነገር። እ.ኤ.አ በ2020 መጀመሪያ ብዙ ሰው የገባ ዕቃ ሁሉ ሲጠርግ ዋለ፤ ኮቪድ ግን በዋናነት የሚተላለፈው በትንፋሽ፣ በአየር በኩል ነው። ጉልበትዎን ትይዩ መስኮቶችን በመክፈት ላይ ያውሉት። የበር እጀታና የመሳሰለውን ለማጽዳት 5 በመቶ በረኪና ካለ 20 ሚሊ ሊትሩን ከ980 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ይቀላቅሉ፣ በየቀኑ አዲስ ያዘጋጁ፣ መስኮት ክፍት ይሁን። ከአቼቶም ሆነ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አይደባልቁ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ከዚህ መመሪያ በላይ የሆነውን መለየት ያስፈልጋል። ቀኑን አብዛኛውን ክፍል፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ለሁለት ሳምንት ድባቴ ከዘለቀ ወይም ቀድሞ ደስ ይል የነበረ ነገር ሁሉ ጣዕም ካጣ የጤና ባለሙያ ያማክሩ፤ በስልክ የሚያክሙም አሉ። የመሞት ሐሳብ ከመጣ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም። በዚያው ቀን ለአንድ ሰው ይንገሩ፣ ብቻዎን አይደሩ፣ መጉዳት የሚችል ነገርና የተጠራቀመ መድኃኒት ሌላ ሰው ጋ ይቀመጥ፣ የአደጋ ጊዜ ስልክ ይደውሉ።

ገደቡ ሲራዘም

ከሁሉም የሚከብደው ቀን ገደቡ የታወጀበት ሳይሆን የተራዘመበት ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ራጉሳ፣ የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ፣ እ.ኤ.አ በ1377 ወረርሽኝ ካለበት የሚመጣ ሰው 30 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ደነገገች፤ ኋላ ላይ ጊዜው 40 ቀን ሆነ፣ "ኳራንቲን" የሚለው ቃልም ከጣልያንኛው "አርባ" ተወለደ። ማብቂያ ተብሎ የተነገረውን ቀን እንደ ተስፋ ቃል ሳይሆን እንደ መገምገሚያ ቀን ይውሰዱት፤ ዕቅድዎንም እስከዚያ ብቻ ያውጡ። በተራዘመበት ቀን የማታውን ዜና ይዝለሉ፣ የነገውን መሳቢያ ይምረጡ፣ ለአንድ ሰው ይደውሉ። አዲሱን ቀን ቀን መቁጠሪያው ላይ ሲያሰፍሩ በእርሳስ ይሁን።